በርሽ ሥር ሁለት ሰው ተሳስሞ የሚቆምበት ቦታ አለ ወይ?

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄን ነው፤ የተጻፈልኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ጠያቂዋ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። በሩ ሲከፈት ቀጥታ ሳሎን ነው። በሩ ሥር ጫማ ይከመራል፣ ቦታው ጨለም ይላል፣ ጎኑ ላይ የውሃ ጀሪካን ተደርድሯል። ለእንቁጣጣሽ የባለቤቷ እናትና አባት ከደብረ ብርሃን ይመጣሉ፤ ቤቱን አይተውት አያውቁም። «ትልቅ መስታወትና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ጡብ የሚመስል ስፖንጅ ልገዛ ነው፤ ብሬ ብዙ አይደለም፤ በዚህ መግቢያው ያምርልኛል ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ እንኳን ከመግዛትሽ በፊት ጠየቅሽ። ሁለቱንም ለጊዜው ተያቸው። መስታወቱ ላይ በኋላ እንመለሳለን። ስፖንጁን ግን ጭራሽ አልመክርሽም። ለመለጠፍ ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ሲነሳ ግን የግድግዳውን ቀለም ከነስቱኮው ይዞ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ከአከራይሽ ጋር ልትጣዪ ነው። ግድግዳው እርጥበት ካለው ከሥሩ ይሻግታል። እሳት ሲያገኘው ደግሞ ቶሎ ይያያዛል፤ ያለሽ መውጫ አንድ በር ብቻ ሆኖ ሳለ አጠገቡ እንዲህ ያለ ነገር ባይኖር ይሻላል።

የቤት ውስጥ ዲዛይን ሥራ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ አብዛኛው ሥራዬም እንዳንቺው ባለ ቤት ውስጥ ነው። መግቢያ አሳምሪልን ብለው ሲጠሩኝ መጀመሪያ የማየው ሰው ሲገባ የሚያደርገውን ነው። እኛ ጋ ሰላምታ ረጅም ነው። እንግዳ ሰላም ብሎ ዘው አይልም። ጉንጭ ለጉንጭ ሦስቴ አራቴ መሳሳም አለ፣ ትልቅ ሰው ከሆኑ ጎንበስ ብሎ ጉልበት መሳም አለ፣ «እንዴት ከረማችሁ፣ ልጆቹስ፣ ሥራስ» አለ፤ ይሄ ሁሉ እየሆነ ሌላው ሰው ከኋላ ዘንቢሉን እንዳንጠለጠለ ደረጃው ጫፍ ላይ ተራ ይጠብቃል። አንቺ ቤት ይሄ ሁሉ የሚካሄደው ጫማ ክምር ላይ ቆሞ ነው። መግቢያሽ የቸገረው ቦታ ነው። እሱን ሳትፈቺ የምትሰቅይው ጌጥ ሁሉ ቦታውን የበለጠ ያጠበዋል።

ልኩን ልንገርሽ። እኔ ሁልጊዜ የምሞክረው 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ20 የሚሆን ባዶ ወለል ለማግኘት ነው። በዚህ ውስጥ ሁለት ሰው ቆሞ ይሳሳማል፣ ሦስተኛው ጎናቸውን ይዞ ያልፋል። ልጆቹ ጠመኔ አይጠፋቸውም፤ ወለሉ ላይ አራት ማዕዘኑን አስምሪና መስመሩ ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ አውጪ። ሶፋው ጫፍ ከገባ ሶፋውን ግፊው። ትንሿ ጠረጴዛ ከገባች ትነሳ። 1 ሜትር ከ20 ካልሞላ 90 ሳንቲም እንኳን ይኑርሽ፤ ከዛ ካነሰ ግን ሰው በጎኑ ነው የሚገባው።

ከዛ ስልክሽን ይዘሽ ወደ ውጪ ውጪ። በሩ ይዘጋ፣ ልጅሽ ከውስጥ ይክፈትልሽ፣ ልክ ሲከፈት ፎቶ አንሺ። ዓይናችን የራሳችንን ቤት ስለለመደው ብዙ ነገር አያይም፣ ፎቶው ግን ያየዋል። የቴሌቪዥን ገመድ፣ የተከፈተ የሽንት ቤት በር፣ ሶፋ ላይ የተጣለ ልብስ፣ እነዚያ ቢጫ ጀሪካኖች። ፎቶው ውስጥ ያለውን ብቻ አስተካክይ። ከፎቶው ውጪ ያለው ለበዓሉ ሳምንት አያስጨንቅሽ።

ስለ ጀሪካኑ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አውጥተሽ ጣይ አልልሽም። ግን በር አጠገብ መሆን የለበትም። የወጥ ቤት በረንዳ ካለሽ እዛ፣ ከሌለሽ ሽንት ቤት ውስጥ። ከነዚህ በአንዱም ካልበቃ ከሳሎኑ ጥግ አስጠግተሽ ከፊቱ መጋረጃ ጨርቅ ጣይበት፤ ከላይ በገመድ ወይም በቀጭን ዘንግ የሚያዝ ሁለት ሜትር ጨርቅ ይበቃል። ቀለሙ ከግድግዳው ቀለም ጋር ቢቀራረብ ጥሩ ነው፤ ዓይን ዝም ብሎ ያልፈዋል።

አሁን ጫማው። የአራት ሰው ቤት ሆኖ በሩ ሥር አሥራ አምስት ጥንድ ጫማ ማግኘት ለኔ አዲስ አይደለም። ደንብ አውጪ፦ በር ላይ የሚቀመጠው ዛሬ የተደረገው ጫማ ብቻ ነው፣ ለአንድ ሰው አንድ ጥንድ። የቀረው በካርቶን ሆኖ አልጋ ሥር ይግባ። መደርደሪያ የምትገዢ ከሆነ ጥልቀቱን ለኪ። ተራው መደርደሪያ ከ30 እስከ 35 ሳንቲም ይይዝብሻል። መዝጊያው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ የሚከፈተው፣ ጫማ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ዓይነት ግን ከ20 ሳንቲም ብዙም አይበልጥም፤ ላንቺ እሱ ነው የሚሻለው። እና እባክሽ አንዱን መደዳ ባዶ ተዪው። እንግዳ ጫማውን አውልቆ የት ላድርገው ብሎ ዙሪያውን ሲያይ ደስ አይልም፤ ባዶ ቦታ ሲያይ እንደሚጠበቅ ይገባዋል።

መደርደሪያውን ኮሪደሩ ላይ አውጥተሽ አታስቀምጪ። ብዙ ሰው ያደርገዋል። ኮሪደርና ደረጃው የጋራ ነው፤ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጁም (ቁጥር 370/1995) እንደዛ ነው የሚያየው። ከሕጉ በላይ ደግሞ ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር ጎረቤት በጨለማ የሚሮጠው በዛ ነው።

ጫማ ይወልቅ አይወልቅ የሚለው የየቤቱ ጉዳይ ነው። በሙስሊም ቤት ለረጅም ጊዜ የኖረ ልማድ ነው፣ ሌላውም ቤት አሁን አሁን እየተለመደ መጥቷል። እናንተ ታወልቃላችሁ ብዬ ገምቻለሁ። ግን ከደብረ ብርሃን አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ሦስት ፎቅ ወጥተው የመጡ አባት «ጫማዎን ያውልቁ» አይባሉም። «እንዳሉ ይግቡ» ነው የሚባሉት። ራሳቸው ካወለቁ ንጹሕ ነጠላ ጫማ አቅርቢላቸው፤ ከ38 እስከ 43 ቁጥር አራት አምስት ጥንድ ይኑርሽ፣ አዲስ መሆን የለበትም፣ ይታጠብ እንጂ። ምንጣፉ ቆሸሸ ብለሽ አትጨነቂ። ይታጠባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳይሽ። ከበሩ ጎን ያለውን ግድግዳ ቀረብ ብለሽ እዪው። ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የጠቆረ ነገር ታገኛለሽ፤ መዳፍ የሚያህል፣ ከመሃሉ ጠቆር ብሎ ወደ ጠርዙ የሚፈዝ። እኔ የምገባባቸው ቤቶች ሁሉ ማለት ይቻላል አላቸው። ሰው ባንድ እግሩ ቆሞ ጫማ ሲያወልቅ የሚደገፍበት ነው። ለዓመታት ይሄን ምልክት ቀለም ቀቡልኝ ሲሉኝ አስቀብቼ እሄድ ነበር። አንድ ቀን አክስቴ እኔው ቤት መጡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው፣ በሌላው የጫማቸውን ማሰሪያ እየጎተቱ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራቶ ወለል ነክቶ፣ ከፊታቸው ቆሜ «ይግቡ ይግቡ» እላለሁ። አልገባኝም ነበር። እጃቸውን ሲያነሱ ምልክቱ ቀረ። በማግስቱ እዛው ምልክቱ ሥር በርጩማ አደረግኩ። ከዛ ወዲህ ሰው ቤት ስሠራ የእጅ ምልክቱን ፈልጌ መቀመጫ የማደርገው እዛ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትገዢው ነገር እሱ ይሁን። ከፍታው 45 ሳንቲም ገደማ ይሁን። ዝቅ ያለችው ዱካ ለቡና ጥሩ ናት፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው ግን መነሳቱ ፈተና ነው። ሰፈርሽ ያለ አናጺ ከተረፈ እንጨት ይሠራልሻል። ስፋቱ 35 ሳንቲም በቂ ነው። ቤት ስትቀይሪም ይዘሽው ትሄጃለሽ። ከጎኑ፣ ከወለሉ 1 ሜትር ከ60 ላይ አራት አምስት መስቀያ አድርጊ፣ ለጋቢ፣ ለጃኬት፣ ለቦርሳ። ለልጆቹ ደግሞ 1 ሜትር ከ10 ላይ ሁለት፤ ራሳቸው መስቀል ሲችሉ የትምህርት ቤት ቦርሳቸው ወለል ላይ አይቀርም። መስቀያውን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ አትምቺ። አንድ ጣውላ ላይ ተመትቶ ጣውላው በሁለት ብሎን ይያዝ፤ ለአከራይሽ የምትደፍኝላቸው ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው። የአማትሽ ባል ከዘራ የሚይዙ ከሆነ የሚደገፍበት ጥግም ይኑር። ከዘራ ቦታ ካላገኘ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ይቆይና ሰው ሲቀመጥ ዘጭ ይላል። ለጃንጥላ አንገቱ የተሰበረ የሸክላ ገንቦ ካለሽ ከታች ጨርቅ አድርጊበትና ተጠቀሚበት፣ የሚያምር ነገር ነው።

ጨለማው ቀጥሎ ነው። ብዙ ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ የሳሎኑ መስኮት ከበሩ ማዶ ነው። በሩን ስትከፍቺ ብርሃኑ ከጀርባሽ ይመጣል። እንግዳው የሚያየው ጥቁር ጥላ ነው፤ ፈገግታሽ አይታየውም። አማቶችሽ በሩ ላይ ቆመው «ቤት ለእንቦሳ» ሲሉሽ፣ አንቺም «እንቦሳ እሰሩ» ስትያቸው ፊትሽ መታየት አለበት። ስለዚህ አምፖሉ ከጉበኑ ወደ ውስጥ ግማሽ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ጣሪያው ላይ ይሁን። ያን ጊዜ ብርሃኑ ካንቺ ፊት ይሆናል። አዲስ መስመር ማስጎተት ካልቻልሽ ሶኬት ላይ የሚሰካ የግድግዳ መብራትም ይሠራል። 7 ወይም 9 ዋት ኤልኢዲ ከበቂ በላይ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር እዪ፦ 6500 ኬልቪን የሚለው ያ ሱቅና ፋርማሲ ውስጥ ያለው ነጭ ነው፣ ፊትን ያገረጣል። 3000 ወይም 2700 የሚለውን ውሰጂ። ሻጩ «ዋርም» ይልሻል። መብራት ሲጠፋ በራሱ ቻርጅ የሚበራውን ዓይነት ካገኘሽ ትንሽ ጨምረሽ እሱን ግዢ፤ በበዓል ማታ መብራት ጠፍቶ ሰው በስልክ ባትሪ ጫማውን ሲፈልግ አይቻለሁ።

መስታወቱስ? ጥሩ ነው፣ ግን ከበሩ ፊት ለፊት አይሁን። በር ከፍቶ የገባ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት አንቺን ነው፤ ድንገት ራሱን ሲያይ ይደነግጣል፣ ፀጉሩን መንካት ይጀምራል። በጎን ግድግዳ ላይ፣ ከመስቀያው አጠገብ፣ መሃሉ ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 ላይ እንዲሆን አድርገሽ ስቀይው። ትልቅ አያስፈልግም። 40 በ60 ሳንቲም ይበቃል። ሲወጡም ነጠላቸውን ያስተካክሉበታል።

በሩ ላሜራ ከሆነና ዝገት ከጀመረው፣ ከአከራይሽ ጋር ተነጋግረሽ ቀቢው፤ ብዙውን ጊዜ ደስ ነው የሚላቸው። በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ፈትጊ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ ይድረቅ። አንድ እጅ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ከዛ ሁለት እጅ የዘይት ቀለም። ዝገቱ ላይ ቀጥታ የቀቡት በር በዓመቱ ይላጣል። ጠቆር ያለ አረንጓዴ ወይም ደማቅ ቡናማ ብትመርጪ የእጅ እድፍ አያሳይም። በክረምት የዘይት ቀለም ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፣ ሽታውም ይቆያል፤ ስለዚህ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ጨርሺ። ማጠፊያው ሲጢጥ የሚል ከሆነ ጠብታ ዘይት አድርጊበት፣ ይሄ ወጪ የለውም። የቤት ቁጥሩን በትልቁ ጻፊ፣ ቁመቱ ከ7 ሳንቲም ያላነሰ።

ስለ ቁጥር ካነሳን፣ ኮንዶሚኒየም ለማያውቅ ሰው ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ብሎክ ቁጥሩ ደብዝዟል፣ ደረጃው በየትኛው በኩል እንደሆነ አይታይም። አማቶችሽ እንዳይዞሩ ባለቤትሽ መኪና መውረጃው ድረስ ሄዶ ይቀበላቸው፣ ልጆቹም ደረጃው ሥር ይውረዱና ዘንቢሉን ይቀበሉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ወንበር አውጡ። ትልቅ ሰው ሦስት ፎቅ ባንድ ትንፋሽ አይወጣም፤ ሰላምታው ላይ ደግሞ ትንፋሽ ያስፈልጋል። ከጎረቤቶችሽ ጋር ተነጋግረሽ የዋዜማውን ቀን ደረጃውን አብራችሁ እጠቡት። እነሱም እንግዳ አለባቸው።

የእግር መጥረጊያ ሁለት ይሁን። ውጪ ሻካራው፣ ውስጥ ውሃ የሚመጠው ጥጥ። መስከረም 1 ዝናቡ ገና አልወጣም፣ ጭቃ አለ። ለውጪው ጆንያ አራት ቦታ አጥፈሽ ጠርዙን ብትሰፊው ከሚሸጠው እኩል ይሠራል። የውስጡ ከታች ጎማ ያለው ይሁን፣ ሴራሚክ ላይ እንዳይንሸራተት።

ቄጤማውን በተመለከተ አደራ። እርጥብ ቄጤማ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል። ትልልቅ ሰዎች የሚወድቁት ደግሞ ልክ ደፉን ሲሻገሩ ነው፣ ዓይናቸው ሰው ላይ ስለሆነ። ውሃውን አራግፈሽ አውጪና ከበሩ አንድ ሜትር ያህል ትተሽ ወደ ቡናው ቦታ ጎዝጉዢው። ሽታው እንደሆነ በሩ ድረስ ይመጣል። በማግስቱ ሳይጠወልግ ጥረጊው።

ሽታ ካልኩ ዘንድ፣ መግቢያ ላይ ትልቁ ጠላት እርጥብ ጫማ ነው። ማታ ውስጡ ጋዜጣ ወጥሪበት። የሚሸት ከሆነ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰሽ አሳድሪና ጠዋት አራግፊው። ዕጣን ከዚህ በኋላ ነው። ዕጣኑን ሰው ከመድረሱ ግማሽ ሰዓት በፊት አጭሽና መስኮቱን ትንሽ ክፈቺው። ጢሱ ፊታቸው ላይ ሲመጣ የሚያፍናቸው ሰዎች አሉ።

ለጌጥ የቀረን ትንሽ ነው፣ እኔ ግን በጣም የምወደው እሱን ነው። ሰው ሲገባ ዓይኑ የሚያርፍበት አንድ ግድግዳ አለ፣ ያንን ፎቶሽ ይነግርሻል። እዛ ላይ ሦስት ሰፌድ ስቀይ። ሐረር ጁገል ውስጥ የሐረሪ ቤት ገብተሽ ከሆነ ስፌቱ ግድግዳው ላይ እንዴት እንደሚደረደር አይተሻል፤ ዓይንን ይዞ ወደ ውስጥ ያስገባል። አማትሽ የሰፉት ሰፌድ ካለሽ ደግሞ መሃል ላይ እሱ ይሁን። ከበርጩማው በላይ ደግሞ አንድ ፍሬም ብቻ። በእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች ራሳቸው የሠሩትን ሥዕል ይዘው በየቤቱ ያንኳኳሉ፣ ፀሐይና አበባ፣ መልአክ፣ ጠርዙ በቀይና ቢጫ የተቀለመ። ካቻምና የመጣ ካለሽ ከመሳቢያ አውጪው። ከሌለሽ ልጅሽ ይሥራ። ሱቅ ከሚሸጠው የባሕር ዳርቻ ፎቶ ሺህ ጊዜ ይሻላል። አደይ አበባ በበዓሉ ሰሞን በየመንገዱ ይሸጣል፤ አንድ እቅፍ በብርጭቆ ውሃ ጫማ መደርደሪያው ላይ ይበቃል። ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ተክል ከፈለግሽ ያቺ ቅጠሏ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ሳንሴቬሪያ ጨለማ ትችላለች፣ በሁለት ሦስት ሳምንት አንዴ ውሃ ይበቃታል። ግን ያቺ በጠመኔ ያሰመርሻት ቦታ ውስጥ ከገባች አይሆንም።

የበር መጋረጃ ካለሽ ቀን በጎን በኩል እሰሪው። ሁለት እጁ ዕቃ የያዘ ሰው መጋረጃ ሲገፋ ፊቱ ላይ ይጠመጠምበታል።

ሽኝቱንም አስቢበት። ብዙ ሰው መግቢያን ለመግባት ብቻ ነው የሚያዘጋጀው። እኛ ጋ ግን «በሉ እንነሳ» ከተባለ በኋላ በሩ ላይ ሌላ ግማሽ ሰዓት አለ። ረስተነው የነበረው ወሬ ሁሉ የሚነሳው ያኔ ነው። በርጩማው የበለጠ የሚያገለግለው በዛ ሰዓት ነው፤ አማትሽ ተቀምጠው ጫማቸውን እያደረጉ ይመርቃሉ፣ አንቺ ጎንበስ ብለሽ አሜን ትያለሽ፣ ባለቤትሽ ከዘራውን ያቀብላል። የመጡበት ዘንቢል ባዶውን ስለማይመለስ የምታስይዣቸውን ነገር ከዋዜማው አዘጋጅተሽ መስቀያው ላይ አንጠልጥይው፤ መጨረሻ ላይ ወጥ ቤት ገብተሽ ስትፈልጊ እነሱ ቆመው እንዳይጠብቁሽ።

ያነሳሽውን ፎቶ ላኪልኝ፣ በርጩማው በየትኛው በኩል ቢሆን እንደሚሻል አይቼ እነግርሻለሁ። በሩ ወደ ግራ ይከፈት ወደ ቀኝ መጻፍሽንም አትርሺ።